የፊተኛው አጥር

ሽመላዎቹ በአንድ ማለዳ ከጉምራ ምንጭ ተነሥተው የአርዞንን ምድር ለቀቁ። ሽማግሌዎች ይህን አይተው ራሳቸውን ያዙ፤ ሽመላ የሚሸሸው ሙርሻ እንቁላሏን ስትጥል ነውና። ሙርሻ ዓይን የሌላት የውሃ ዘንዶ ናት። እንቁላሏ የወደቀበትን ውሃ የጠጣ ሁሉ ምላሱ ጠቁሮ ይሞታል።

በአርዞን ደዌን የሚከላከሉ፣ «አጥር» የተባሉ ሦስት የሰው ወገኖች ነበሩ። የፊተኛው አጥር ሰዎች ምንጩን ይጠብቃሉ፤ ደዌው እንዳይወለድ። የመካከለኞቹ ጤነኛ ነኝ የሚለውን ሁሉ ከምላሱ ሥር ያያሉ፤ ደዌው ሳይበረታ እንዲገኝ። የኋለኞቹ የተያዘውን ያስታምማሉ። ሰባ ዓመት ማንም ሳይታመም ቢቀር ንጉሥ ዘርሙ የፊተኞቹን አሰናበተ። «ቁጭ ብሎ ውሃ ለሚያይ ቀለብ አልሰፍርም!» ብሎ።

ሰልሃ ከመካከለኛው አጥር ነበረች። ሽመላዎቹ በሸሹበት ሳምንት ታላቅ ወንድሟ ዶራሽ ከአደን ሲመለስ ደጃፍ ላይ ያዘችው።

«አፍህን ክፈት።»

«ሽንኩርት በልቻለሁ፤ ይቅርብሽ።»

«ክፈት ብያለሁ!»

ከምላሱ ሥር ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ከምንጩ ጠጥቶ ኖሯል። «በጊዜ ደርሼበታለሁ» አለች።

ወደ አባ ቀመሩ ሮጡ። ከተባረሩት የምንጭ ጠባቂዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ከወገባቸው ከረጢት ፈቱ።

«የቀረኝ አንድ ጭብጥ የእሳት ጨው ነው። ወይ ሙርሻን ከነእንቁላሏ ያቃጥላል፣ ወይ አንድ ሰው ያድናል። የተመረዘው ውሃ በሰባት ቀን ከተማ ይገባል። ማይልኝ፣ ልጄ።»

«ምንጩ ውስጥ ካልጨመርኩት ምድር አትሸከመኝ!» አለች ሰልሃ። በልቧ ግን ለወንድሟ ነበር የማለችው።

ሦስቱም አምስት ቀን ሽቅብ ወጡ። እሾህ ገደል ላይ ክንፋም ጅቦች ከበቧቸው። ዶራሽ በጦሩ ሁለቱን ጣለ፤ አባ ቀመሩ ግን ከረጢቱን ለሰልሃ ሰጥተው እዚያው ሞቱ።

ምንጩ ዳር ሲደርሱ ሰልሃ ጨውን ከቤት ይዛ በመጣችው ንጹሕ ውሃ በዋንጫ በጠበጠች። ሙርሻ ከሥር ስትዞር ውሃው እንደ ድስት ይንተከተካል።

«ጠጣ።»

ዶራሽ ዋንጫውን ረጅም ጊዜ አየ። «አልዋሽሽም እታለም፣ መኖር እፈልጋለሁ። ግን ከተማው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጠጣው።» ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። «አንቺ አፍስሺው። እኔ ማየት አልችልም።»

አፈሰሰች። የሙርሻ ጩኸት ተራራውን አናወጠ፤ ከዚያ ነጭ ሆድዋን ሰቅላ ተንሳፈፈች።

ከምንጩ ከተመለሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ዶራሽ ሞተ። ሰልሃ እንደ ኋለኛው አጥር ሰዎች ጎኑ እንዳይቆስል አገላበጠችው፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አራሰችለት፤ መናገር ሲያቅተው በጣት መነጋገር አስተማረችው። የመጨረሻ ምልክቱ «ደክሞሻል፣ ተኚ» የሚል ነበር።

ንጉሥ ዘርሙ አዳራሽ አስጠራት። «ልሸልምሽ፤ ስንት ሰው አዳንሽ?»

«አላውቅም፣ ንጉሥ ሆይ። አልታመሙም።»

«ታዲያ በደዌው የሞተው ስንት ነው?»

«አንድ» አለች። «ዶራሽ ይባላል።»

ከመስኮቱ ሥር ሰዎች እየተሳሳቁ ውሃ ይቀዱ ነበር።