ቦቴው የት ቆሞ ነበር?

ሰው ባየው ነገር ይምላል። ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሳያይም ያየ እየመሰለው ይምላል። በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ በአንድ ቀበሌ የሆነውን ስሙና ፍረዱ።

ወይዘሮ ተሻለች የቀበሌው የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበረች። ጠባቂ እንበላት እንጂ የምትጠብቀው ውሃ አልነበረም። ዋናው ቧንቧ ከተሰበረ አራት ወር ሆኖታል፤ ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ከከተማው ዳር ካለው የመስኖ ቦይ ይቀዳል። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ዘመናይ ከዚያው ቦይ ጠጥታ ሁለት ጊዜ ሆዷን ታማለች። የከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት ግን በጥር መጨረሻ እጠግናለሁ ብሎ ለቀበሌው ተራ ይዞለት ነበር። ተሻለች ያንን ቀን በጉጉት ትጠብቃለች።

ጥር ሳይጋመስ አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጓድ ንዋይ ፈገግ ብሎ መጣ። ጓድ ንዋይ ፈገግ ሲል ተሻለች ደግ ነገር ጠብቃ አታውቅም።

«ጓዲት ተሻለች፣ ነገ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ልማታችን ሊቀርጹ ይመጣሉ። ውሃ ሌት ተቀን አለን ትያለሽ፤ በቃ።»

«ውሃውስ?»

«እሱን ለእኛ ተይው።» አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ባልዲ አስቀመጠላት። «ዘንድሮ ቴሌቪዥኑ በቀለም ሆኗል። ያረጀ ጀሪካን እንዳይታይ ተብሏል።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አባባ ፈዬራ ብቅ አሉ። እኚህ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቦኖው አጠገብ ቆመው ቧንቧውን ያዩና ከደረት ኪሳቸው ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ ለማንም ተናግረው አያውቁም። በዚያ ዘመን ደግሞ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ያስፈራል።

«ኢንተለኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ለዚያ ሳጥን ውሸት ብትነግሪው ሰምቶ ዝም የሚል እንዳይመስልሽ። ለአገር ነው የሚያወራው።»

ተሻለች ደነገጠች። ሽማግሌው ሊያወጣጧት የመጡ መሰላት። አፏን ብትከፍት ቃሏ በዚያ ደብተር ገብቶ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ማን ያውቃል? «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምናገረው፣ አባባ» ብላ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋንም በሩቁ አደረገችው።

በማግስቱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ቦቴ መኪና ቆመ። የውሃ ማስተላለፊያ ጎማው በአጥሩ ሥር አልፎ ከቦኖው ቧንቧ ጋር ተገጠመ። ሐዲስ የሚባለው ወጣት ጋዜጠኛ «እትዬ ተሻለች፣ ይክፈቱት» ሲላት ከፈተች፤ ውሃው ተንፎለፎለ። «ውሃ ሌት ተቀን አለን» አለች። ድምፅዋ አልጣመውምና አስደገማት። በሦስተኛው ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ሐዲስ ቧንቧውን አየ፤ ወደ ጓሮ የሚሄደውን ጎማ አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ። «የመጀመሪያው ይበቃናል» ብሎ ዕቃውን ጫነ። አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

በሳምንቱ የቀበሌው አዳራሽ በሰው ጢም አለ። የቀበሌው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩም ሰማያዊውም ባልዲ እኩል አመድማ ሆነው ታዩ። ያም ሆኖ ተሻለች በቴሌቪዥኑ መስኮት ስትታይ ሰው አጨበጨበ፤ እሷም፣ ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት።

ጥር አልቆ የካቲት ገባ፤ የሚጠግን ሰው ግን አልመጣም። ዘመናይ እንደገና ታመመች፤ አሁንስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዐይኗ ጎድጉዶ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ለእናትየው አልሸሸጋትም፦ «ያንን ውሃ ደግማ ከጠጣች አትተርፍም።»

ተሻለች ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊው አቶ መርዳሳ ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ውሃ ሌት ተቀን አለን ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ተራችሁን እኮ ለሌላ ቀበሌ ሰጠነው።»

«ዋሽቼ ነው።»

«የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን? በዐይኔ ያየሁትን ልተው?»

እያለቀሰች ስትመለስ አባባ ፈዬራን ቦኖው አጠገብ አገኘቻቸው፤ ደብተራቸውን ይዘዋል። ከዚህ ወዲያ የምትፈራው ነገር አልነበራትም።

«አባባ፣ እዚያ ላይ ስለ እኔ ምን ጽፈዋል?»

ደብተሩን ሰጧት። በመሠረተ ትምህርት ያወቀችውን ፊደል እየለቀመች አነበበች። ገጹ ሁሉ ቀን ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን «ውሃ የለም» ይላል። በአንዱ ቀን ብቻ «ከቦቴ፣ ሩብ ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።

«ጣቢያ ሳለሁ የዘገየ ባቡር እመዘግብ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ተሻለች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። «ይቅር ይበሉኝ፤ ጆሮ ጠቢ መስለውኝ ነበር።»

«ሰላምታሽ ሲቀዘቅዝ አውቄዋለሁ። ነይ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንሂድ።»

አቶ መርዳሳ ያቺን የቦቴዋን ቀን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ኮታቸውን አንሥተው ተከተሏቸው፤ ቦኖውንም ራሳቸው ከፈቱት። አየር ብቻ ተነፈሰ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቧንቧው ተጠገነ፤ ዘመናይም ድና ከእናቷ ቦኖ ጠጣች። ጓድ ንዋይ ተሻለችን በክፉ ዐይን ሲያያት ከረመ፤ ግን ምን ብሎ ይክሰሳት? ክሱ የቦቴውን ጉድ ያወጣዋል።

በዓመቱ ሐዲስ ካሜራውን ይዞ ተመለሰ። «እትዬ ተሻለች፣ እንደ አምናው ይክፈቱልን።»

«አይ ወንድሜ» አለችው፤ «መጀመሪያ ጓሮውን ዞረህ እይ። ከዚያ ራስህ ክፈተው።»

ሐዲስ አቀረቀረ። ካሜራውን አስቀምጦ ጓሮውን ሊያይ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ ቴሌቪዥን የሞላ ጎተራ በታየ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቦቴው የት ቆሞ ይሆን?» ማለቱ አልቀረም።

ወገኖቼ፣ የሚቀርጽ ሰው አይቶ እንዳላየ ያለፈው ነገር ዕዳ ይሆንበታል፤ የሚመለከት ሰውም መጠየቅ አለበት። ጠርጥሩ ስላችሁ ግን ጎረቤታችሁን አይደለም፤ ጎማው ከየት እንደሚመጣ ነው። ተሻለች ሁለቱን አምታትታ ልጇን ልትቀብር ነበር።