ርጭቱን ማን ዘጋው?

አንተ አንባቢ፣ የጠራ ውሃ ዓይን እንደሚያጠፋ ታውቃለህ? አታውቅም! እንግዲያው ስማ።

አንዲት ልብስ ሰፊ በጠባብ ቤቷ ሁለት ነፍስ አሳደገች፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ እጇ ላይ የቀረውን ታናሽ ወንድሟንና አንድ ሴት ልጇን። ወንድምየው ተማረ፣ ከረባት አሰረ፣ ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱበት የዋናና የውሃ ዝላይ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የእህቱን ልጅ ከውሃ ጋር ያስተዋወቃትም እሱ ነው። ከከፍተኛው የመዝለያ ማማ ስትወረወር ያየ ሁሉ «ወፊት» አላት። ወፊት ግን ወደ ልምምድ ከመሄዷ በፊት ዓይኗ ለደከመው እናቷ መርፌ ውስጥ ክር ሳታስገባ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

ከማማ ላይ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የረጋ ውሃ አይታይም፤ የሚታየው የገንዳው ወለል ነው። ለዚህ ነው ዘላዩ የት እንደሚያርፍ እንዲለይ ከዳር ቀጭን ውሃ እየተረጨ የገንዳው ፊት የሚንቀጠቀጠው። በፍጻሜው ቀን፣ የወፊት ተራ ሲደርስ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ «ይሄ ርጭት ምስሉን ያበላሻል፤ ውሃው መስታወት ይምሰልልኝ!» ብሎ አዘጋው። ለማን? ለካሜራ! የክብር ወንበር ላይ ለተጎለቱ እንግዶች!

ወፊት ጫፍ ላይ ቆመች። ቁልቁል አየች። እንደገና አየች...

«አጎቴ! ውሃው የታለ?»

ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከገንዳው ዳር የቆመው አጎትየውም ሳቀ።

«ጠጥቼው ነው! ዝለይ እንጂ የኔ ወፍ፣ ዓለም እያየሽ ነው!»

«ተይው ልጄ! ውረጂ!» ብላ እናት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጭብጨባው ድምፅዋን ዋጠው። ልጅቷም አጎቷን አመነች... ዘለለች። ውሃው ካሰበችው ቀድሞ፣ ዓይኖቿ እንደተከፈቱ፣ ፊቷን መታት።

ሐኪሞቹ ደጋግመው ቀደዱ፣ ሰፉ፤ ብርሃኗ ግን አልተመለሰም። ማዕከሉ «አደጋው የደረሰው በስፖርተኛዋ የግል ስሕተት ነው» ብሎ መግለጫ አወጣ። ፈራሚው ማን ይመስልሃል? አጎቷ! ያው ሰው አበባ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«አጎቴ ነህ?»

«ነኝ የኔ ወፍ።»

«ስሕተቱ የኔ ነው እንዴ?»

አጎትየው የአበባውን መጠቅለያ አስተካከለ።

«ንገራት እንጂ!» አለች እናት። «አንተን ላስተምር ብዬ ዓይኔን በመርፌ ጨረስኩ። አልበቃህም? የልጄን ጨመርክበት?»

አበባውን አስቀምጦ ወጣ።

ዛሬ በዚያች ጠባብ ቤት ልጅ ክሩን በጣቶቿ ትዳስሳለች፤ እናት መርፌውን ወደ መስኮቱ ታነሣለች። ክሩ ቀዳዳውን ይስታል... ደግሞ ይስታል። ጎረቤት «ዕድል ነው» ይላል። ዕድል ቧንቧ ይዘጋል? ዕድል መግለጫ ይፈርማል?

አቶ ሥራ አስኪያጅ! ውሃውን ባስዋብክለት ካሜራ ፊት ቁምና፣ ወፊት በጆሮዋ እየሰማች፣ ለሕዝብ መልስ ስጥ፦ ርጭቱን ማን ዘጋው?