ባለ አንድ ቀዳዳው ትኬት

ሬሳውን ያገኘው ሐዲድ ጠባቂው ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረጅሙን መፍቻ ትከሻው ላይ አጋድሞ ዋሻው ውስጥ ገባ። ስድሳ እርምጃ ያህል እንደ ሄደ የባትሪው ብርሃን አንድ ጫማ ላይ ዐረፈ። ከተሳፋሪ የወደቀ መስሎት ሊያነሣው ጎንበስ ሲል እግር አለበት።

ሟቹ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሌላው ሰው ባቡር የሚሳፈረው ያሰበበት ለመድረስ ነው፤ እሱ ለመሳፈር ብቻ ይሳፈር ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በየጣቢያው እየቆመ የሚያዘግመውን ባቡር ይይዛል፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዶ በዚያው ባቡር ይመለሳል። የደረሰበትንና የተነሣበትን ሰዓት ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አንዱ ወዳጁ ከሥራ የተባረረ ባቡር ነጂ ነው። ሌላው በክብር ጡረታ የወጣ ምልክት ሰጪ፣ ማለትም ለባቡሮች አረንጓዴና ቀይ ሲያበራ የኖረ ሰው ነው።

እሁድ ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ የፖሊስ አዛዡ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«በከንቱ ደከምሽ» አላት። «ነጂው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሲሳፈሩ ተጣልተዋል። ሲመለሱ ባቡሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ምልክት ሰጪው መጨረሻው ጣቢያ ወርዶ የአጎቱ ልጅ ቤት ቀርቷል። መምህሩ ዋሻው ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ሌላ ምን ቀረ?»

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አለች መርማሪዋ።

አዛዡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንዲት ጥያቄ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ አንዲት ብላ ጀምራ አንዲት ላይ ስታቆም ያያት ሰው ስላልነበረ።

«ባቡሩ ሲሄድም ሲመለስም በዚሁ ዋሻ ነው የሚያልፈው?»

«አንድ ሐዲድ ነው ያለው። በምን ሊያልፍ ኖሯል?»

«ታዲያ ሲመለስ ነው የወደቀው ያላችሁት በምንድን ነው?»

አዛዡ ደብተሩን ገፋ አደረገላት። «በራሱ እጅ ጽፎታል።»

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ንብረት ተዘርግቷል። ደብተሩ፣ ካሜራውና የውኃ መያዣው ከቦርሳው የወጡ ናቸው፤ ቦርሳው የተገኘው መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ወንበር ላይ ነው። ከሬሳው ላይ የተገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከደረት ኪሱ የደርሶ መልስ ትኬት፣ ከአንገቱ ደግሞ በክር የታሰረ ሐምራዊ እርሳስ። መርማሪዋ የእርሳሱን ጫፍ በጣቷ ነካችው። እንደ መርፌ ሹል ነው። ደብተሩን ገለጠች። የጣቢያዎቹ ሰዓት ሁሉ በሐምራዊ ተጽፏል፤ የመጨረሻው መስመር ብቻ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። «መጨረሻ ጣቢያ። ደረሰ 4፡10። ተነሣ 4፡30።»

ትኬቱንም ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። አንድ ክብ ቀዳዳ አለው። መልሳ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ትኬት ተቆጣጣሪዋን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትኬት መብሻዋን በሁለት እጇ ይዛ ትፈትገዋለች።

«ጠዋት ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«መምህሩ ‹ዛሬ መጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ ስለዚያ አደጋ የምትሰማው ነገር አለ› አሉት። ነጂው ደሙ ፈላ። ‹ያን ቀን ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ! ብታነሣው አንላቀቅም!› ብሎ ጥሏቸው ፊተኛው ፉርጎ ሄደ። ሌላኛው ሽማግሌ ከመምህሩ ጋር ኋላ ቀሩ።»

«ትኬት መቼ መቼ ትበሻለሽ?»

«ስንሄድ አንዴ፣ ስንመለስ አንዴ።»

«ስትመለሱ መምህሩን አይተሻቸዋል?»

ሴትየዋ ዐይኗን መብሻዋ ላይ ጣለች። «አዎ፣ እትዬ። መጨረሻው ፉርጎ ተቀምጠው ነበር።»

ነጂው ታስሮ የነበረው ከጣቢያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ስትገባ ከሣጥኑ ላይ ተነሣ። እጁ እስከ ክንዱ ቅባት ነው።

«ይሄ ቅባት ከምን መጣ?»

«ከፍሬኑ። መጨረሻው ጣቢያ ላይ የአየር ቱቦው አፈሰሰ። ከሠራተኞቹ ጋር አብሬ አሰርኩት። ዐሥር ደቂቃ ያህል አዘገየን። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ እነሱም አላባረሩኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።»

«መምህሩ ጋ ለምን አልሄዱም?»

«ምልክት ሰጪው ሲወርድ በመስኮት ነገረኝ። ‹መምህሩ በጣም ተቀይሞሃል፤ ከኋላ ብቻዬን ተዉኝ ብሏል› አለኝ። እኔም ኮራሁ። ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው ብዬ እስከ ከተማ ድረስ አኩርፌ መጣሁ።»

«ስለ የትኛው አደጋ ነበር?»

ነጂው ተመልሶ ተቀመጠ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ከመጨረሻው ጣቢያ ወዲህ ሐዲድ የሚጠግኑ ሁለት ሰዎች ገጨሁ። ቀይ ጥሰሃል ተባልኩ። እኔ ያየሁት አረንጓዴ ነው። ያን ቀን ተረኛው ምልክት ሰጪ እሱ ነበር። ሳይጨክንብኝ ‹ፀሐይ አታሎህ ይሆናል፣ ወንድሜ፤ ሰው ነህ› አለኝ። እየቆየ እኔም ዐይኔን መጠራጠር ጀመርኩ። ሁሉም ሲሸሸኝ ያልሸሸኝ እሱ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ቤቴ ይመጣል። ልጄን ስድር ከጎኔ የቆመው እሱ ነው።»

ምልክት ሰጪው በበኩሉ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ዐይኑ ቀልቶ መጣ። ሳትጠይቀው ስለ ነጂው ተማጠነ።

«ክፉ ሰው አይደለም። ግልፍተኛ ነው እንጂ። እጁ ቀድሞት ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ይህን እንዲያይለት አደራ።»

«መምህሩን ሲለዩዋቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ ባቡሩ እንደ ቆመ ወረድኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የአጎቴ ልጅ ቤት ሻይ ይዣለሁ፤ ጠይቂው።»

ጠየቀችው። እውነት ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ባቡሩን ራሷ ተሳፈረች። ባቡር አይስማማትም፤ ስለዚህ ሎሚ እየመጠጠች መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ቆመች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የኋላው በር መቀርቀሪያ በአንድ እጅ ይከፈታል። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ መብራት የለም፤ የራሷን እጅ እንኳን ማየት አልቻለችም። ጮክ ብላ እስከ ዐሥር ቆጠረች፤ ድምፅዋን አልሰማችውም። ከዋሻው ሲወጡ ሰዓቷን አየች። ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ እስኪቆም ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ወርዳ የጣቢያውን መዝገብ ጠየቀች፤ የቅዳሜውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ማምሻውን የመምህሩ ባለቤት ቤት ሄደች። ሴትየዋ ሳሎኑን በሞላው ካርታ መሃል ተቀምጣለች።

«ባሌ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም» አለች። «ከመጨረሻው ጣቢያ መጋዘን አሮጌ ወረቀት ሊጥሉ ሲሉ ለምኖ አምጥቶ ነበር። ስለ መስመሩ ታሪክ እጽፋለሁ ይል ነበርና። ሐሙስ ዕለት ስልክ ላይ ሲነጋገር ሰማሁት። ‹ራስህ ንገረው። እስከ ቅዳሜ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ጊዜ አለህ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ› ሲል። ማንን እንደ ሆነ አልነገረኝም።»

«ያገኘው ወረቀት የት አለ?»

«ዋናውን በቦርሳው ይዞ ሄደ።»

«ከቦርሳው አልተገኘም።»

ሴትየዋ ተነሥታ ትልቁን አትላስ አወረደች። «አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ዋናውን አውጥቶ ቅጂ ሳያስቀር ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ሁሉም ተሰበሰቡ። ባለቤቱ ጥቁር ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ተቆጣጣሪዋ በሩ አጠገብ ቆመች። ነጂውና ምልክት ሰጪው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ምልክት ሰጪው እጁን ነጂው ትከሻ ላይ አድርጓል።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አለች መርማሪዋ። አዛዡ ጣሪያውን አየ። «እህቴ፣ ስትመለሱ መምህሩን በርግጥ አይተሻቸዋል?»

«አዎ አልኩ እኮ...»

«ትኬታቸው ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። ስትመለሱ ካየሻቸው ለምን አልበሳሽላቸውም?»

ተቆጣጣሪዋ እንባዋ መጣ። «መጨረሻው ፉርጎ አልሄድኩም፣ እትዬ። እግሬ አብጦ ነበር። እውነቱን ብናገር ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ሲመለስ መምህሩን ያየ አንድም ሰው የለም። በሕይወት ነበሩ የሚለን ይህ የደብተር መስመር ብቻ ነው።» ደብተሩን ከፈተችው። «መምህሩ ሁልጊዜ የሚጽፉት አንገታቸው ላይ በታሰረው ሐምራዊ እርሳስ ነው። የመጨረሻው መስመር ግን በእስክሪብቶ ነው። እርሳሱ ተሰብሮ ይሆን? አልተሰበረም፤ ሬሳው አንገት ላይ ሹል እንደ ሆነ ተገኝቷል። ይህን የጻፈው ሰው ሐምራዊ እርሳስ አልነበረውም፤ እርሳሱ ከመምህሩ ጋር ዋሻው ውስጥ ቀርቷልና።»

«ነጂው ጽፎት ይሆናላ!» አለ አዛዡ።

«ተነሣ 4፡30 ይላል። የፕሮግራሙ ሰዓት ነው። የጣቢያው መዝገብ ግን ቅዳሜ ባቡሩ የተነሣው 4፡41 ነው ይላል። ፍሬኑ አየር አፍስሶ ነበር። ነጂው ይህን ያውቃል፤ ቱቦውን ያሰረው በራሱ እጅ ነው። ተቆጣጣሪዋም ታውቃለች። ባቡሩ መዘግየቱን ያላወቀው ሳይነሣ ትቶት የሄደ ሰው ብቻ ነው። እሱ የመምህሩን አጻጻፍ አስመስሎ ሁለቱንም ሰዓት አስቀድሞ ጻፈና ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ መለሰው። ከዋሻው እስከ ጣቢያው ስድስት ደቂቃ አለ፤ ጊዜ አላነሰውም።»

 ምልክት ሰጪው እጁን ቀስ ብሎ ከነጂው ትከሻ ላይ አነሣ።

«ለምን?» አለ ነጂው። የጠየቀው መርማሪዋን ነው፤ ወደ ጎኑ አልዞረም።

መርማሪዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። «ምልክት ሰጪ መዝገብ ሲጽፍ ከሥሩ ካርቦን አለ። ቅጂው ወደዚህ ጣቢያ ይላካል። አደጋው እንደ ደረሰ ዋናው ገጽ ተቀድዶ በሌላ ተተካ፤ ቅጂውን ግን ማንም አላስታወሰውም፤ መምህሩ መጋዘን ውስጥ ያገኙት እሱን ነው። ያን ቀን ጠዋት የተጻፈው ይህ ነው። ያንብቡት።»

ነጂው ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አቀረበ። «አረንጓዴ ተሰጠ» ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበው። «አረንጓዴ ነበር።»

«ወረቀቱን ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ ምልክት ሰጪው።  «ስጠኝ አልኩት። እምቢ አለኝ። በሩ ክፍት ነበር...»

«ከዚያም ተቀምጠው ሰዓት ጻፉ» አለችው መርማሪዋ። «ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄደው ወዳጅዎ ከሞተ ሰው ጋር እንዲኳረፍ አደረጉት። ትናንት ደግሞ ‹ግልፍተኛ ነው፣ እጁ ቀድሞት ይሆናል› ብለው ሊያሳስሩት ለመኑኝ።»

አዛዡ ሊያስረው ሲጠጋ ነጂው እጁን አንሥቶ አስቆመው።

«ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቀው። እሁድ እሁድ ቤቴ የምትመጣው እኔን ብለህ ነበር?»

ምልክት ሰጪው መሬት መሬት አየ።

«ዝም አትበለኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠህ ስትስቅ፣ ሚስቴ ስትታመም እየተፈራረቅን ስናስታምም፣ እኔን ብለህ ነበር ወይ?»

«መጀመሪያ... የምታውቀው ነገር እንዳለ ለማየት ነበር የምመጣው። በኋላ ግን ወደድኩህ። እውነቴን ነው። ከወንድሜ አስበልጬ ወደድኩህ።»

ነጂው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «ጠላቴ ነህ ብዬ እንኳን እፎይ እንዳልል አደረግከኝ።»

ወሰዱት። እስከ በሩ ድረስ ዞሮ ዞሮ አየ፤ ነጂው ግን ቀና አላለለትም። ተቆጣጣሪዋም ተከትላ ወጣች፤ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀሩ። መርማሪዋ ወረቀቶቿን ሰበሰበች፤ መሰብሰቡ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቆየችበት።

ነጂው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ሴት ሄደ። አጠገቧ ለመቀመጥ አልደፈረም።

«እህቴ፣ ያን ቀን ጠዋት ሰው ፊት ጮኽኩበት። አንላቀቅም አልኩት። ሊነግረኝ የነበረው ይህን መሆኑን...» 

«አውቃለሁ» አለች። «እሱም ያውቅ ነበር። ‹ሲሰማ ይጮህብኛል፣ በኋላ ግን ይተኛል› ብሎኝ ነው የወጣው።»

ሰውየው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ከሥራ ሲባረር አላለቀሰም፣ ሚስቱን ሲቀብር እንኳን ራሱን ይዞ ነበር። ሴትየዋ እስኪወጣለት ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ክንዱን ያዘች።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚቀበረው» አለችው። «አስከሬኑን የሚያወጣልኝ ወንድ ቤት ውስጥ የለም። ከፊት የምትይዘው አንተ ነህ።»