በብልቃጥ የቀረው ነዳጅ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ የጂኒ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ተማሪዎቼም በዚህ ያውቁኛል፣ ስለዚህ አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ከአንተ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ነቅቼ፣ ጫትም ሳልቅም።

ጎረቤቴ ኢድሪስ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፣ "ነበር" ማለቴን ሚስቱ ፎዚያ እንዳትሰማ። አንድ ባለሀብት ስምንት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጄት አለችው፣ ድሬ ስታርፍ የሚንከባከባት፣ ስትነሳም አብሯት የሚበረው ኢድሪስ ነው። ነዳጅ ወደ ሞተር እንዴት እንደሚሄድ ለተማሪዎቼ ማስረዳት ፈልጌ ስጨቀጭቀው ከርሜ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ አስፈቅዶ አየር ማረፊያ ወሰደኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳህ፣ አለዚያ የኋላው አይገባህም። የዚህች ጄት ሰልባቲዮ ክንፏ ራሱ ነው፣ ነዳጁ የሚሞላው በሁለቱ ክንፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ ዓይነቱም ከነጭ ጋዝ ብዙ አይለይም። በየክንፉ ያለው ፓምፕ ለየራሱ ሞተር ይገፋል፣ አንዱ ቢሰንፍ መሃል ያለው መተላለፊያ ተከፍቶ አንዱ ክንፍ ሁለቱንም ሞተር ይመግባል። ሙሉ ስትሆን አራት ሰዓት ትበራለች፣ ከዚያ በላይ የለም። ጠላቷ ውሃ ነው፣ ከፍ ሲሉ ብርዱ ወደ በረዶ ይለውጠውና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ስለዚህ መካኒኩ ከበረራ በፊት ከክንፉ ሥር ትንሽ በብልቃጥ ቀድቶ ያየዋል።

ኢድሪስ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳው።

"ምን አየህ ቲቸር?"

"ምንም።"

"አቦ፣ እኔ ጎበዝ የምባለው ምንም ሳላይ ስውል ነው። አንተ እንዲህ ብታስተምር ያባርሩሃል።"

እመነኝ፣ ጥርት ያለ ነበር። እስከ አፉ ሞልቶ ከደነው፣ ክዳኑን በፕላስተር አሸገው፣ ሁለታችንም ፈረምንበት። አውሮፕላኗ በሰላም እስክታርፍ ያ ብልቃጥ መሬት በሚቀር ሰው እጅ ይቆያል፣ ልማዱ ነው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ነዳጁ ንጹሕ እንደነበር የሚመሰክርለት እሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ የምታስቀምጥለት ፎዚያ ነበረች፣ የዚያን ቀን ግን ጀልዴሳ ለቅሶ ስለሄደች ለእኔ ሰጠኝ።

"ደርሻለሁ ብዬ እስክደውል እንዳትከፍተው" አለኝ፣ "አንተ ደግሞ እጅህ አያርፍም።"

ሰባት ሰዓት ላይ አውሮፕላኗ ኢድሪስን ይዛ ባሕር ልትሻገር ተነሳች።

ስምንት ሰዓት ላይ ድሬ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጅ እንኳ ይጠፋል፣ መብራትም ስላልነበረ ማራገቢያዬ ቆሟል። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ጠብ። ቧንቧ ነው እንዳልል ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ሄጄ ብከፍተው ነፋስ ብቻ፣ ጀሪካኖቹም ደረቅ። ድምፁ የሚመጣው ከመደርደሪያው ነው። ከብልቃጡ ሥር ምስር የምታህል የውሃ ኳስ ተኝታለች፣ እያየሁ ከነዳጁ መሃል ሌላ ጠብታ ወጥታ፣ ወርዳ ተቀላቀለቻት። ሙሉ ብልቃጥ ውስጥ የሚወርድ ጠብታ ድምፅ ሊኖረው አይችልም፣ ይህንንም አውቃለሁ።

ምክንያት ፈለግሁ። ጎደሎ ሰልባቲዮ ውስጥ ያለ አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል፣ ይህ ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ አየር የለውም። ለኢድሪስ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ያኔ ነው ያጠፋሁት። ያልገባኝን ነገር እያየሁ መቀመጥ አልችልም፣ ፕላስተሩን ቀደድኩ፣ ከሥሩ በቀጭን ቱቦ ስቤ ምላሴ ላይ ጠብ አደረግሁት። ጨው። የወጥ ቤት ጨው አይደለም፣ የሚመር፣ የሚከብድ ጨው። ባሕር አይቼ አላውቅም።

ማታ ፎዚያ ደወለችልኝ፣ አውሮፕላኗ አልደረሰችም።

በሳምንቱ የባለሀብቱ ሁለት ሰዎች መጡ። መካኒኩ ውሃ ያለበት ነዳጅ አሳልፏል እየተባለ የባሏ ስም ሲነሳ፣ "ቲቸር ቤት ማስረጃ አለ" ብላ ይዛቸው የመጣችው ፎዚያ ናት። የብልቃጡ ግማሽ ውሃ ሆኗል፣ ሞልቶ አይፈስም፣ የሚያንሰው ነዳጁ ነው። አንደኛው የተቀደደውን ፕላስተር በጣቱ አንጠለጠለው።

"ማነው የከፈተው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ይሄ ምን ማስረጃ ይባላል?"

ብልቃጡን እንኳ አልወሰዱትም። ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ተብሎ ተጻፈ።

ፎዚያ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ጠዋት ንጹሕ ነበር አይደል? ወላሂ በል።"

ክርስቲያን ብሆንም "ወላሂ" አልኳት።

"እኔማ አምኜሃለሁ" አለች፣ "እኔ ባምንህ ምን ዋጋ አለው።"

አሁን ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ትመጣለች። ብልቃጡን ልክ እንደ ኢድሪስ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ውሃውን ግን አታይም፣ ከላይ የቀረውን ነዳጅ ነው የምታየው። "ገና አለ" ትላለች፣ "ነዳጅ ካለ ገና እየበረረ ነው፣ አይደል ቲቸር?" ሙሉ ሰልባቲዮ የሚበቃው ለአራት ሰዓት ብቻ መሆኑን ለማንም አስረዳለሁ፣ ለእሷ ግን አቃተኝ። "አዎ" እላታለሁ።

ነዳጁ አሁን ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ብልቃጡን በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ድምፁ አልቆመም። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ይህን ስጽፍልህ ሦስቴ ጠብ ብሏል።