ከአዳራሹ የማይወጣ ቃል

ታፈረ ሞቶ የተገኘው ከፓርቲው መሰብሰቢያ አዳራሽ በታች፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ነው። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ የሚነፋው የአስም መድኃኒቱ በውስጥ ኪሱ አለ። ግንባሩ ተፈንክቷል፣ ደም ግን ጠብ አላለም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ይማርሽ ከላሊበላ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም፤ ገዳይ የተባለው ግን አስቀድሞ ታስሯል። ዘበኛው ጣሃ ነው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል ተባለና በነጋታው ወደ ወልድያ ሊወሰድ ነው። ሌላ ጊዜ አንድ ማኅተም ለመምታት ሳምንት የሚፈጀው ወረዳ ምን እንዳፈጠነው እንጃ።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ ጣሃ። «የተጨቃጨቅነው ካፖርትህን አውልቅ ስለው ነው። ይበርደኛል አለኝ። ትእዛዝ ነው አልኩት፤ አወለቀ።»

«ለምን ይወልቃል?»

«አምና አንዱ ስልኩን በጋቢው ሸሽጎ ስብሰባውን ቀድቶ አወጣባቸው። ከዚያ ወዲህ መደረቢያም ስልክም መግቢያው ላይ ይቀራል። ኋላ ውሃ ቅዳ ብለው ወደ ምንጭ ላኩኝ። ስመለስ ሬሳውን ከበው ቆመዋል።»

«የእሱ ስልክስ?»

«መግቢያው ላይ ስልክ የምሰበስብበት ቅርጫት ውስጥ ብቻውን ቀርቷል።»

በስብሰባው ከታፈረ ሌላ ሦስት የፓርቲው ተመራጮች ነበሩ፦ ሰብሳቢው ደባሱ፣ ጸሐፊዋ ሰብሌ፣ የበሩን ቁልፍ የያዘው ሰውአገኝ። ሰውአገኝ የታፈረ ሚስት ወንድም ነው። ይማርሽ ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም «ስብሰባው በመግባባት ተጠናቀቀ፤ ታፈረ ደህና ሆኖ ቀድሞን ወጣ» አሉ፣ ቃል በቃል። መግባባት እንዲህ ሲበዛ ይማርሽ ደስ አይላትም።

«አጀንዳው ምን ነበር?»

«የውስጥ ጉዳይ ነው» አለ ደባሱ። «እዚህ የተባለ ከዚህ አይወጣም። የፓርቲ ዲሲፕሊን አለን።»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ አቶ ደባሱ።»

«ቢሆንም።»

ሰውአገኝ ቀና ብሎ አላያትም። መርዶውን እንኳ ለእህቱ ሌላ ሰው ነው የነገራት። ይማርሽ ለምን ብትለው «በምን ዓይኔ ልያት?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ጣሃን ከነካቴናው አስመጥታ ሁሉንም እዚያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ደህና ሆኖ የወጣ ሰው ስልኩን ትቶ አይሄድም» አለች። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው አንገቱ ድረስ አይቆልፍም፤ መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ ካለም ያወጣዋል። ካፖርቱን ያለበሰው ሌላ ሰው ነው። ግንባሩ ያልደማው ከሞተ በኋላ ስለተመታ ነው። ታፈረ የሞተው እዚህ፣ መድኃኒቱ ከዚያ በር ማዶ ሳለ ነው። አልብሳችሁ ደረጃው ላይ ጣላችሁት። ስትጣደፉ የየራሳችሁን ስልክ አነሳችሁ፣ የእሱን ረሳችሁ።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ደባሱ።

ይማርሽ ጣሃን ወደ ሰውአገኝ አስጠጋችው። «ነገ ወልድያ የሚወርደው ይህ ሰው ነው። ልጆች አሉት። አንተ ምስጢርህን ጠብቅ።»

ሰውአገኝ የጣሃን እጆች አየ። ከዚያ ወዲያ መቻል አልሆነለትም።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አለ። «ገበያው ከቀበሌው እንዳይነሳ የተከራከረ ታፈረ ብቻ ነው። አቶ ደባሱ አንድ ቃል ሳንሆን በሩ አይከፈትም አሉ። ከዚያ ትንፋሹ ተቆራረጠ። መድኃኒቴን፣ መድኃኒቴን አለኝ። ልከፍት ተነሳሁ። አቶ ደባሱ ‹ሊያመልጥ ነው፤ በዲሲፕሊን ድምፅ እንስጥበት› አሉ። በሩ እንዳይከፈት እጄን አወጣሁ። የእህቴን ባል እኔ ገደልኩት።»

ይማርሽ የጣሃን ካቴና ፈታች። «ማን ማን እጅ አወጣ?»

«እኔም አውጥቻለሁ» አለች ሰብሌ እንባዋ እየወረደ። «አበስኩ ገበርኩ! ታፈረም እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። አቶ ደባሱ እያዩት ቆጠሩትና ‹በሙሉ ድምፅ› አሉ።»