ማሚቶ የዋጠችው መለከት

በኤርዛል ምድር ዝናብ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ይጠራል። ክረምት ሊገባ ሲል ደመናው ከምሥራቅ ተነሥቶ ከመዲናዋ በላይ ይቆማል፤ ንጉሡም ሰገነት ላይ ወጥቶ ነጎድ የተባለውን መለከት ይነፋል፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ይከፈታል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሥርዓት ነው። በዚያ ዓመት ግን ንጉሥ ዓምዳይ ጉንጩን ወጥሮ፣ ዓይኑ ደም እስኪመስል ቢነፋ፣ ከነጎድ የወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ደመናው ግባ ያልተባለ እንግዳ ይመስል ደጅ ላይ ጥቂት ቆመና ተመልሶ ሄደ። አደባባዩም «ወዮልን!» ብሎ ጮኸ።

ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የነበረ ድንበሩ የሚባል ሽማግሌ ምክንያቱን ያውቅ ነበር። እንዲያውም ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ጠፋ እንጂ። ንጉሡ በበጋ አደን ወጥቶ፣ በረሃው ውስጥ ካለው ጠባብ ገደል ገብቶ፣ «እስቲ ማሚቶ ይህን ትችል እንደሆነ!» ብሎ ነጎድን ነፍቶባታል። በሌላ አገር የገደል ማሚቶ ስም ብቻ ናት። በኤርዛል ግን ነፍስ ያላት፣ በዓለቱ ውስጥ የምትኖር፣ ጆሮ እንጂ ፊት የሌላት ፍጡር ናት። የወደደችውን ድምፅ ትውጣለች፤ ደስ ሲላት ደግሞ ከየመታጠፊያው ላይ ጣል ታደርገዋለች። ነጎድን ወደደችው፤ ዋጠችው፤ አለቀ።

ጀግኖች ሰይፋቸውን መዘው ገቡ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ ወጡ። «ስጪን!» ሲሏት «ስጪን!» ትላቸዋለች። «ሌባ!» ሲሏት «ሌባ!» ትላቸዋለች። ከገደል ጋር ምን ብለው ይሰዳደቡ?

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሕዝቡን ሰንጥቃ ከንጉሡ ፊት ቆመች። ድንበሩ ሲያያት ወደፊት ተጋፋ፤ የገዛ ልጁ ወለላ ነበረችና።

«ንጉሥ ሆይ!» አለች። «እናቴ ትርንጎ የዚያ ገደል መንገድ መሪ ነበረች። መንገዱን በእሷ ጀርባ ታዝዬ ነው ያወቅሁት። መለከቱን ስጡኝና ልሂድ። የነጎድን ድምፅ ሳልመልስ ብቀር፣ የእናቴን ድምፅ ያሳጣኝ!»

በኤርዛል በሟች ድምፅ የማለ ሰው ወደ ኋላ አይልም።

«ምነው ልጄ!» አለ ድንበሩ ራሱን ይዞ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ እኮ ነው!»

የፈራው ያለ ነገር አይደለም። ወለላ ሕፃን ሳለች፣ እናቷ ወደ ገደሉ ስትወስዳት ሁልጊዜ ከአንዲት መታጠፊያ ላይ ይደክማትና ቁጭ ትላለች። ትርንጎ ከፊት ሆና «ነይ ልጄ፣ ደርሰናል!» ትላታለች። ውሸቷን ነው፤ ገና ግማሽ መንገድ ይቀራል። ትርንጎ ከሞተች በኋላ ያች ጥሪ ማሚቶ ዘንድ ቀረች። ድንበሩና ልጁ በየሙት ዓመቷ እየሄዱ፣ ከመታጠፊያዋ ቆመው ሦስቱን ቃላት ሰምተው ይመለሳሉ። ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ቀን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሡ መለከቱን ሰጣት፤ ጋሻ ጃግሬውን አይሸሹምንም አብሯት ላከ። አይሸሹም ስሙን በጣም የሚወድ፣ ሰውነቱም ምላሱም ግዙፍ የሆነ ሰው ነው። ድንበሩም «እኔ ሳልኖር አትገባም» ብሎ ምርኩዙን አነሣ።

እንግዲህ እንዳትስቁ። የሌላ አገር ጀግኖች ሰባት ባሕር ይሻገራሉ። የወለላ ዘመቻ ግን ጠዋት ተገብቶ ለምሳ የሚወጣበት መንገድ ነው። ዞሮ ገጠም ነው፤ በአንዱ ስንጥቅ ይገባል፣ ገደሉን ይዞራል፣ ከተገባበት አጠገብ በሌላው ስንጥቅ ይወጣል። ቀላል የመሰለው ካለ ገብቶ ይሞክረው።

ዓለቱ ከግራና ከቀኝ ቀይ ሆኖ ተነባብሮ ይወጣል፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጥኗል። ውጪ ፀሐይ ድንጋይ ትሰነጥቃለች፤ ከታች ግን አሸዋው ቀዝቃዛ ነው። ድንበሩ ዓለቱን በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። እዚህ ትርንጎ ነጠላዋን ያጣፋችበት፣ እዚያ ከእሱ ጋር ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡበት ነው። ኩርፊያው በምን እንደነበር ጠፋበት። ናፍቆት ግን ኩርፊያውንም ጭምር ያስናፍቃል።

ገደሉ ከሁሉ ከሚጠብበት፣ ከጥቡ ሲደርሱ አይሸሹም ከነጋሻው ተቀረቀረ።

«ጋሻህን አውልቅ» አለችው ወለላ።

«የአባቴ ጋሻ ነው! ከክንዴ ወርዶ አያውቅም!»

«እንግዲያው ከአባትህ ጋሻ ጋር እዚሁ ኑር!» ብላ ከኋላ ገፋችው። እየተፋጨ፣ እየተሳደበ አለፈ።

ከጥቡ ቀጥሎ ዓለቱ ላይ እፍኝ የምታህል ጉድጓድ አለች። ትርንጎ ቀድማ ሄዳ ለልጇ ቴምር የምትደብቅባት ነበረች። ወለላ እንደ ልማዷ እጇን ሰደደች፤ አንዲት ቴምር አገኘች።

«አባባ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ቀድሟቸው ያለፈው ድንበሩ ዓለት ዓለቱን እያየ።

ከመታጠፊያዋ ደረሱ። ድንበሩ ጥምጥሙን አወለቀ። ከላይ፣ ከቀዩ ዓለት ውስጥ፣ ያ ድምፅ ወረደ፦ «ነይ ልጄ፣ ደርሰናል!» ሁለቱም አለቀሱ። አይሸሹም ግን ሰይፉን መዘዘ። «አገኘናት!» ብሎ ዘለለና እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ማሚቶ! ስጪን!» ብሎ አምባረቀ።

«ስጪን!» አለች ማሚቶ። «ስጪን! ስጪን!»

አላቆመችም። ከወለላ ትከሻ ላይ ያለው ነጎድ ድንገት ከብዶ አንበረከካት። ልጅቷ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«አባባ፣ እናንተን አይደለም። ስጪን የሚባለው ለሴት ነው። ከዚህ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወንዶቹ ሁሉ በሴት አንቀጽ ሲጮኹባት፣ መልሷ በራሳቸው ላይ እያለፈ ኖሯል። አሁን ግን የሚያርፍበት አገኘ። አይሸሹም አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ያደርጋል፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እስካሁን የገባው ሁሉ ጠየቃት እንጂ የሰጣት የለም» አለች ወለላ። «ብሰጣት ደግሞ የምትመልስልኝ ያንኑ ቃል ነው።»

«ምን አለሽና ትሰጫታለሽ?»

ቀና ብላ የእናቷ ድምፅ ወደ ወረደበት ዓለት አየች። ገባው።

«ተይ ወለላዬ! ይቅር! ዝናቡም ገደል ይግባ!»

«ከብቱ እያለቀ ነው አባባ። ከብቱ ሲያልቅ ሕፃናቱ ይቀጥላሉ። እናቴ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ዓለቱ አዞረ። መልሱን ያውቀው ነበር።

ወለላ ተነሥታ እጆቿን ዘረጋች። «ማሚቶ ሆይ! አንቺ ዘንድ ያለው ሦስት ቃል ነው። ሙሉው ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ እሹሩሩዋ፣ ቁጣዋ፣ ሳቋ፣ ስሜን ስትጠራ። ከአባቴ ድርሻ አትንኪ። የእኔን፣ የእናቴን ድምፅ ውሰጂ!»

ከዚያም ቀስ ብላ፣ በለሆሳስ፣ «ውሰጂ» አለች ማሚቶ።

ነጎድ ማንም ሳይነፋው ጮኸ። ዓለቱ ተንቀጠቀጠ፣ አሸዋው ዘለለ። የድንበሩ ዓይን ግን ከልጁ ላይ አልተነቀለም። የምትወደው ሰው በሕዝብ መሐል እንደጠፋባት ሁሉ ዙሪያዋን ትመለከት ነበር።

«አባባ፣ እናቴ እንዴት ነበር የምትጠራኝ?»

«ነይ ልጄ፣ ደርሰናል» አላት በሻከረ ድምፁ።

«ቃሉንማ አልረሳሁም» አለች። «ቃሉን አይደለም።»

እቅፍ አድርጎ ሊያለቅስላት ፈለገ፤ ጊዜ አልነበረም። ሰማዩ ነጎደ። ዝናብ ለኤርዛል ሕይወት ነው፣ ለገደሉ ግን ሞት። ከወደ ላይ ቀይ ጎርፍ እያጓራ ሲመጣ ሰሙት።

«አባት፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ!» አለ አይሸሹም። ጋሻው ለሽማግሌው ቦታ አልተወም። ጋሻውን አንዴ ሳም አደረገና ወረወረው። ከዚያም አይሸሹም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሸ፤ ያውም አሳምሮ! ወለላ ከፊት እየመራች፣ ጎርፉ ተረከዛቸውን እየላሰ፣ በሁለተኛው ስንጥቅ ተተፉ። የጠዋት ዱካቸው እዚያው አጠገብ ነበር፤ ዝናቡ እያጠፋው።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለ ድንበሩ እያለከለከ።

ኤርዛል ረሰረሰች። ንጉሥ ዓምዳይ ከሰገነቱ በእግሩ ወርዶ «በእኔ ትዕቢት የጠፋውን አንቺ በሐዘንሽ መለስሽ፤ የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላት። ወለላ ለአይሸሹም አዲስ ጋሻ ጠየቀች። ለራሷ የምትፈልገው እሱ ዘንድ አልነበረም።

ዓመቱ ዞሮ የትርንጎ ሙት ዓመት ሲደርስ አባትና ልጅ እንደ ወትሯቸው ሄዱ። ከዓለቱ ሥር ሣር በቅሏል፣ ውኃም አቁሯል። ወለላ ከጉድጓዷ ቴምሯን አወጣች። ከመታጠፊያዋ ሲደርሱ ድንበሩ ጥምጥሙን አውልቆ ቆመ፤ ከላይ ምንም አልወረደም። ልጁ ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም። አንገቷን ደፍታ ቀድማው ሄደች።

እሱ አልተከተላትም። ልጁ ሕፃን ሳለች ትቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ወለላ ከፊት ዞር ብላ አየችውና፣

«ና አባባ፣ ደርሰናል!» አለችው።

ማሚቶ ቃሉን ተቀብላ በቀዩ ዓለት ውስጥ አዞረችና መለሰችው። ድንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ጥምጥሙ ከእጁ ወደቀ። መጨረሻዋ ላይ ሳብ የምትለው «ናል»፣ ከሥሯ የተደበቀችው ሳቅ፤ ከትርንጎ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ለካ ማሚቶ ያን ቀን «ውሰጂ» ስትል ለልጅቷ የሰጠቻት ነጎድን ብቻ አልነበረም።

«ማን ነው የጠራኝ?»

«ማን ይጠራሃል፣ እኔ ነኛ! ውይ አባባ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ምን ብሎ ያስረዳታል? ከምን ጋር ታስተያየዋለች?

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አላት።

ወለላ ሳቀች። ግማሽ መንገድ እንደሚቀራቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

«ደርሰናል!» አለች ጮክ ብላ።

«ደርሰናል» አለ ሽማግሌውም፤ ጥምጥሙን ከአሸዋው ላይ አንሥቶ ተከተላት።