የድዱ ሰማያዊ መስመር

መርማሪዋ የሟቹን ከንፈር በጓንት ገለጥ አድርጋ አየች። ከጥርሶቹ ሥር፣ ድዱን ተከትሎ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ መስመር ነበር።

ሰውየው ከታላቅ ወንድሙ ጋር አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳስ ያቀልጥ ነበር። ለወራት ሆዱን ሲቆርጠው ከርሞ፣ ትናንት ምሳውን ሳይጨርስ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ምሳውን የቋጠረችው ሚስቱ ናትና ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ከትናንት ጀምሮ ጣቢያ ናት፤ ሕፃን ልጇ ጎረቤት ቤት ያለቅሳል።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ድድን የሚያጠቁር ብዙ ነገር እንዳለ ለመርማሪዋ ነገራት። በተፈጥሮ የጠቆረ አለ፣ ሲጋራም አንዳንድ መድኃኒትም ያጠቁራል።

«እንዲህ በጥርስ ሥር ሲሰለፍ ግን እርሳስ ነው» አላት። «የአንድ ቀን መርዝ አይደለም፤ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሚስትየዋን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ማቅለጫው ቤት ሰበሰበችና አፋቸውን እንዲከፍቱ አዘዘች። የወንድማማቾቹ ሠራተኛ፣ ጭሱ የሚሉት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት መጣን እንዴ ብሎ ሊቀልድ ቃጥቶት ተወው።

የሚስትየዋ ድድ ንጹሕ ነበር። ከባሏ ጋር ከአንድ ድስት ስለምትበላ፣ ምግቡ ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር ማለት ነው። ጭሱ ግን ያው መስመር አለበት። እሱና ሟቹ ምሳቸውን የሚያሞቁት በእርሳስ ማቅለጫው ክዳን ላይ ነበር፤ እሳት እያለ ማን ቀዝቃዛ ይበላል?

መርማሪዋ ወደ ታላቅ ወንድም ዞረች።

«ከሁሉም በፊት እዚህ የገቡት እርስዎ ነዎት። ድድዎ ግን ንጹሕ ነው።»

«ጥርሴን እቦርሻለሁ።»

«እስከ አምና አብረዋቸው ይበሉ ነበር። ጨጓራ አለብኝ ብለው ምሳዎን ውጭ አደረጉ። የእጅ መታጠቢያ ሳሙናም ገዙ፤ ግን መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈውበታል። እርሳሱ መርዝ መሆኑን ማን ነው የነገረዎት?»

ሰውየው የተፈታ ባትሪ ላይ ቁጭ አለ። አምና ሆዱን ሲያመው ሐኪም እንደነገረው አመነ። ለወንድሙ ቢነግረው ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ይህችን ሥራ እንጨርስና እነግረዋለሁ አለ፤ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ።

ሚስትየዋ አልጮኸችም።

«ጋሼ ሳይበላ አልበላም እያለ በየቀኑ ይጠራዎት ነበር» አለች። «ምን ይሉት ነበር?»



«ጠግቤያለሁ» አላት።